የአውራ ዶሮ ኮፍያ ለፑሪም፦ ኩክኔው እንዳይወድቅ ያደረግሁት

ባለፈው ዓመት ኩክኔው፣ የአውራ ዶሮ አናት ላይ የሚቆመው ቀዩ ሥጋ፣ ወደቀ። ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ስሄድ ኮፍያዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ቀዩ ኩክኔ ግን በእጇ ነው። ማንም አልጎተተባትም። ስትሮጥ ነው ተላቆ የወደቀው። "ኢማ (እማዬ፣ በዕብራይስጥ)፣ አሁን ዶሮ አይደለሁም ማለት ነው?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

እቤት ገብተን ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። በሙቅ ሙጫ ነበር ያጣበቅሁት። ሹራብ ጭንቅላት ላይ ሲገባ ይለጠጣል፤ ሙጫ ግን አይለጠጥም። ልጅቷ አሥር ጊዜ ስታወልቅና ስታጠልቅ የሙጫው መስመር በአንድ ጫፍ ተላቀቀ፣ ከዚያ በኋላ ሩጫው ጨረሰው። ያውም ከመውደቁ በፊት ኩክኔው ኩክኔ አይመስልም ነበር። ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ የበሰለ ቃሪያ መስሎ ነበር።

ዘንድሮ እንደገና ሠራሁት። አልወደቀም፤ ታጥቦም ቆሟል። የሠራሁበትን መንገድ እዚህ የማስቀምጠው ለልጁ ወይም ለልጅ ልጁ እንዲህ ያለ ኮፍያ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። ሹራብ ትንሽ የሞከራችሁ ከሆነ ይበቃል። ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ፑሪም ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአይሁድ አቆጣጠር አዳር 14 ቀን ይከበራል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ደግሞ በማግስቱ። መጽሐፈ አስቴር ይነበባል። የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆቹ ራዓሻናቸውን፣ የሚንጫጫውን የእጅ መጫወቻ፣ እያንጫጩ ስሙ እንዳይሰማ ያደርጋሉ። ልጅ ሁሉ የሆነ ነገር መስሎ ይለብሳል። አንዷ ንግሥት፣ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ አንበሳ። እናቴ ያደገችው ጎንደር አካባቢ ነው። እዚያ የአስቴር ጾም ይጾም ነበር እንጂ ይኼ የልብስ ነገር አይታወቅም። እኛ ወደ እስራኤል የመጣነው ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ፑሪም እናቴ በመስኮት ቆማ "እነዚህ ልጆች ምን ሆኑ?" ስትል አስታውሳለሁ። ዛሬ እሷ ራሷ የልጅ ልጇ ኩክኔ ልክ መሆን አለመሆኑን እየለካች ትከራከረኛለች።

ሱቅ ውስጥ ሙሉ የዶሮ ልብስ አለ። ገዝቼም አውቃለሁ። ናይሎን ነው፤ መጋቢት ላይ ጠዋት ቢቀዘቅዝም ቀትር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ልጅ ውስጡ ይቀቀላል። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ያወልቁትና ተራ ልብስ ለብሰው ይውላሉ። ኮፍያ ግን ከተለመደው ሱሪና ሹራብ ጋር ይሄዳል። ሲሞቃት ታወልቃለች፣ ሲያምራት ታደርጋለች። ፑሪም ካለፈ በኋላም ብርድ ባለ ቁጥር ይደረጋል። ለዚህ ነው ጉልበቴን ሁሉ ኮፍያው ላይ ያዋልኩት።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀለበት "ዓይን" ይሉታል፤ በዕብራይስጥም በአማርኛም ቃሉ አንድ ስለሆነ እኔም በዚያው ቀጥያለሁ። ፊቱ ለስላሳ ሆኖ የሚታየው "የቀኝ ዓይን" ነው። ጉብ ጉብ ብሎ የሚታየው "የግራ ዓይን"። ዓይን ማንሳት ማለት ሥራውን መርፌ ላይ መጀመር ነው፤ መዝጋት ማለት ደግሞ መጨረስ። መጨመር ስል በአንዱ ዓይን ፊትና ጀርባ ገብቼ ከአንድ ሁለት አወጣለሁ ማለቴ ነው። መቀነስ ስል ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ይዤ እሠራለሁ።

ቀለሙን የመረጠችው እናቴ ናት። እኔ ቢጫ ክር ገዝቼ መጥቼ ነበር፤ የሱቅ ዶሮ ሁሉ ቢጫ ነውና። "ይኼ ጫጩት ነው" አለችኝ። "አውራ ዶሮ ከሆነ ገብስማ ይሁን።" ገብስማ እንዴት በክር ይሠራል ብዬ ስጨነቅ ሁለት ቀጫጭን ክር አንስታ፣ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ጥቁር፣ ጣቷ ላይ አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። መልሱ ያ ነበር። ሁለቱን ክር እንደ አንድ ይዛችሁ ስትሠሩ አንዴ ነጩ ይወጣል፣ አንዴ ጥቁሩ፣ የትኛው እንደሚወጣ እናንተም አታውቁም። ሲያልቅ ልክ የገበያ ገብስማ ዶሮ ደረት ነው የሚመስለው። ወሰራ ከፈለጋችሁ ከነጩ ይልቅ ቡናማ ወይም ቀይ ጨምሩበት።

ክሩ 100 ግራሙ 400 ሜትር ገደማ የሚወጣ ቀጭን ክር ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም 50 ግራም ለኮፍያው በቂ ነው። ለኩክኔውና ለመንቁሩ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለ፣ 100 ግራሙ 250 ሜትር አካባቢ የሆነ ቀይና ብርቱካናማ ክር ወስጃለሁ። ጥጥ ቆንጆ ነው፣ ግን ለማስጌጫው አልመክረውም። ጥጥ ይከብዳል፤ ኩክኔው በራሱ ክብደት ይተኛል። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፣ ማሽን ውስጥ ይታጠባል።

ልኩን ከልጅቷ ጭንቅላት ጀመርኩ። ሜትሩን ከቅንድቧ በላይ፣ በጆሮዋ ጫፍና በማጅራቷ በኩል አዞርኩት፤ 51 ሴንቲ ሆነ። ኮፍያው ከጭንቅላቱ አራት አምስት ሴንቲ ማነስ አለበት፣ ካልሆነ ኩክኔው ሲከብደው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ በቁጥር 5 (5 ሚሊ ሜትር) መርፌ ትንሽ ናሙና ሠራሁ። 10 ሴንቲ ላይ 17 ዓይን ወጣልኝ። ስለዚህ 80 ዓይን 47 ሴንቲ ይሆናል ማለት ነው። ናሙና መሥራት ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን የእኔ እጅ ጥብቅ ነው፣ የእናንተ ላላ ሊል ይችላል፤ የሁለት ዓይን ልዩነት ኮፍያውን ከልጅ ወደ አባት ያሳልፈዋል። ናሙናችሁ ላይ 17 ከወጣላችሁ፣ ጭንቅላቱ 46 ሴንቲ ለሆነ የአንድ ዓመት ልጅ 72 ዓይን፣ 56 ሴንቲ ለሆነ ትልቅ ሰው 88 ዓይን አንሱ። ሦስቱም ቁጥሮች ለስምንት ይካፈላሉ፤ ኋላ አናቱን ስንዘጋ ይጠቅመናል።

ኮፍያው ራሱ ቀላል ነው። 80 ዓይን በ40 ሴንቲ ክብ መርፌ ላይ አነሳሁ። ዙሩን ከመግጠማችሁ በፊት ዓይኖቹ መርፌው ላይ እንዳልተጠማዘዙ አንድ በአንድ እዩ። የተጠማዘዘ ዙር በኋላ አይስተካከልም፤ ፈትቶ መጀመር ነው። ሁለት የቀኝ፣ ሁለት የግራ እያልኩ 4 ሴንቲ ሠራሁ፤ ይኼ ግንባሯን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ጠርዝ ነው። ከዚያ ዙሩን ሁሉ የቀኝ ዓይን እየሠራሁ ከታች እስከ ላይ 13 ሴንቲ እስኪሞላ ሄድኩ። በተለይ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይኼ ክፍል ደስ ይላል። እጅ ብቻውን ይሠራል።

አናቱ ላይ ስደርስ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ሹራብ አትሠራም። ስፌት ግን እስከ ዛሬ አልተወችም፤ ስንደዶና አክርማ ባይገኝም ባገኘችው ነገር ትሰፋለች። እኔ 8 የቀኝ ዓይን ሠርቼ ሁለቱን በአንድ እየቀነስኩ ስዞር ዝም ብላ አየችኝና "ይኼማ የመሶብ ክዳን ነው" አለች። እውነቷን ነው። ሰፌድ ስትሰፋ በየዙሩ እኩል ትጨምራለች፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ይሆናል። መጨመሩን ስታቆም ግድግዳው ይቆማል። ስትቀንስ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በሹራብም ሌላ ምሥጢር የለም። "ቅነሳውን በትክክል ካላካፈልሽው ጥግ ያወጣብሻል" ብላ ዙሩን በጣቷ ለስምንት ከፈለችልኝ። ቁጥር አልጠራችም። እጇ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቅነሳ ዙር 8 ሠርቶ 2 በአንድ፤ 72 ይቀራል። አንድ ዙር ያለ ቅነሳ። ቀጥሎ 7 ሠርቶ 2 በአንድ፤ 64። እንደገና አንድ ዙር ያለ ቅነሳ። እንዲህ እያሉ 48 ሲደርስ ያለ ቅነሳ የሚሠራው ዙር ይቀርና በየዙሩ ይቀነሳል። 40፣ 32፣ 24፣ 16፣ 8። መሃል ላይ ክብ መርፌው ስለሚረዝም ባለ ሁለት ጫፍ አጫጭር መርፌዎች መያዝ ግድ ነው። በመጨረሻ 8 ዓይን ላይ ክሩን ቆርጦ በሁሉም ውስጥ አሳልፎ ማጥበቅ። ስምንቱ የቅነሳ መስመሮች ከአናቱ ወደ ታች እንደ ጮራ ይወርዳሉ። የፊቱን መሃል ለማግኘት ኋላ የሚረዱን እነሱ ናቸው፤ አንዱን መስመር የፊት መሃል ብላችሁ በቀይ ክር ምልክት አድርጉበት።

አሁን ወደ ኩክኔው። ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ይኼ ነው፤ ደጋግሜ የፈታሁትም እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት የተሳሳትኩት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ፊቱን የቀኝ፣ ጀርባውን የግራ አድርጌ መሥራቴ። እንዲህ የተሠራ ሹራብ ጠርዙ ሁልጊዜ ይጠቀለላል፤ የክሩ ተፈጥሮ ነው፣ በካውያም አይሸነፍም። ኮፍያው ላይ ችግር የለውም፣ ዙሪያውን ዝግ ነውና። እንደ ኩክኔ ጫፉ ክፍት ለሆነ ነገር ግን አይሆንም። ሁለተኛው ቅርጹን በመሙያ ለማምጣት መሞከሬ። አራት ማዕዘን ሠርቼ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ በክር እያሰርኩ ጥርስ ላወጣለት ፈለግሁ። መሙያ ያለውን ቅርጽ ይነፋል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ጥርሱ በመጨመርና በመቀነስ፣ ገና መርፌው ላይ እያለ መወለድ አለበት። ሦስተኛው ሙጫው ነው፤ እሱን ነግሬያችኋለሁ።

ዘንድሮ በቁጥር 3.5 መርፌ፣ መስመሩን ሁሉ ፊትም ጀርባም የቀኝ ዓይን ብቻ እየሠራሁ ሄድኩ። እንዲህ ሲሠራ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ሁለቱም ፊቱ አንድ ነው። መርፌውን ያሳነስኩት ሥራው ጠበቅ እንዲልና መሙያው በቀዳዳ እንዳይታይ ነው።

የመጀመሪያው ጥርስ 3 ዓይን ተነስቶ ይጀመራል። አንድ መስመር ያለ ጭማሪ። በሁለተኛው መስመር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ መጨመር፤ 5 ይሆናል። አንድ መስመር ያለ ጭማሪ፣ ከዚያ መጨመር፤ 7። እንደገና እንዲሁ፤ 9። ከዚያ አራት መስመር ዝም ብሎ መሥራት። በጠቅላላው 10 መስመር ነው። ክሩን ቆርጣችሁ ጥርሱን እዚያው መርፌ ላይ ተዉት፤ አትዝጉት። ሁለተኛው፣ የመሃሉ ጥርስ፣ ትልቅ ነው። እንዲሁ ጀምሮ እስከ 11 ዓይን ይጨመራል፣ ከዚያ ስድስት መስመር ያለ ጭማሪ፤ 14 መስመር ይሆናል። ሦስተኛው ልክ እንደ መጀመሪያው ነው፤ እሱን ስትጨርሱ ክሩን አትቁረጡ። የሦስቱም የመስመር ቁጥር ተጋማሽ መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ጎዶሎ ከሆነ ክሩ በተቃራኒው ወገን ይቀርና ሦስቱን ማያያዝ ያስቸግራል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ።

አሁን በሦስተኛው ክር 9፣ 11፣ 9 እያላችሁ ሦስቱንም በአንድ መስመር ታያይዛላችሁ። 29 ዓይን ሆነ። ይኼ መስመር ሲያልቅ ሦስት የተለያዩ ቁርጥራጮች በአንድ ጊዜ ኩክኔ ይሆናሉ፤ ልጄ ይኼን አይታ "ዶሮው መጣ!" ብላ ጮኸች። ስምንት መስመር ቀጥ ብሎ ተሠርቶ ይዘጋል። ርዝመቱ 13 ሴንቲ አካባቢ፣ ከፍታው 5 ሴንቲ ይመጣል። ልክ እንደሱ ሌላ አንድ ሥሩ። ሁለቱን ግጥም አድርጋችሁ በዚያው ቀይ ክር ዙሪያውን ስፉ፤ የታችኛውን ወገን ግን ክፍት ተዉት።

መሙያው የትራስ ፋይበር ይሁን። ጥጥ ሲታጠብ ይቋጠራል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከሁሉ በላይ ጥቂት ይሁን። በየጥርሱ ውስጥ የአውራ ጣት ያህል፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ስስ አድርጎ። ጫፉ ድረስ ለመግፋት እናቴ የወስፌዋን እጀታ ሰጠችኝ፤ ወስፌ የሌላችሁ በእርሳስ ጀርባ ግፉት። በመርፌ ጫፍ ከገፋችሁ ዓይኑን ትበጥሱታላችሁ። ሲነካ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስለስ ካለ ልክ ነው። እንደ ኳስ ከደደረ አውጡለት።

መንቁሩ ከዚህ በኋላ የልጅ ሥራ ነው። በብርቱካናማው ክር፣ በዚያው መርፌ 16 ዓይን አንሱ። እዚህ ፊቱን የቀኝ ጀርባውን የግራ አድርጉት፤ ተጠቅልሎ ስለሚሰፋ መጠቅለሉ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። በየሁለተኛው መስመር በሁለቱም ዳር አንድ አንድ ቀንሱ። 2 ዓይን ሲቀር ክሩን ቆርጣችሁ በውስጣቸው አሳልፉ። ጎኑን ስትሰፉት አምስት ሴንቲ የማይሞላ ሾጣጣ ይሆናል። የስፌቱን መስመር ወደ ታች አድርጉትና ክሩን ስታስሩ ትንሽ ሳብ አድርጉት። መንቁሩ ወደ ታች ጎንበስ ይላል፣ እውነተኛ ይመስላል።

ከመንቁሩ ሥር የሚንጠለጠሉት ሁለት ቀይ ሥጋዎች እንደ ኩክኔው የቀኝ ዓይን ብቻ ናቸው፤ መሙያ የላቸውም። 3 ዓይን ተነስቶ እስከ 9 መጨመር፣ ስድስት መስመር መሥራት፣ ከዚያ በየመስመሩ በሁለቱም ዳር እየቀነሱ 3 ላይ መዝጋት። የሚሰፉት የላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ እንዲወዛወዙ። ግን ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ከመንቁሩ ሥር ስሰፋቸው ልጄ ዓይን ላይ ወረዱባት፤ ደረጃ ስትወርድ አንገቷን ቀና እያደረገች ነበር። ፈትቼ ወደ መንቁሩ ግራና ቀኝ ከፍ አደረግኋቸው። ከኮፍያው ጠርዝ በታች እንዳይወርዱ በእጃችሁ ሳቡና እዩ።

ለዶሮው ዓይን ኪሮሽ አነሳሁ፤ ክብ ነገር በኪሮሽ ይቀላል። መሃሉ ላይ በጥቁር ስድስት፣ ቀጥሎ በነጭ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ ስምንት። በየዙሩ ስድስት እየጨመሩ መሄድ ነው፤ የእናቴ ሰፌድ እንደገና መጣ። ቁልፍ መስፋት ይፈጥናል፣ ያምራልም። ሆኖም ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ወይም ታናሽ ወንድም ወይም እህት ላለበት ቤት፣ ቁልፍ አልሰፋም። ተበጥሶ አፍ ውስጥ ይገባል። አገጭ ሥር የሚታሰር ክርም አላደረግሁም። መጫወቻ ሜዳ ላይ ሸርተቴው ላይ ቢያዝ አንገት ያንቃል። ኮፍያው በልኩ ከተሠራ ማሰሪያ አያስፈልገውም።

ከኋላ ሦስት ረጃጅም የጭራ ላባዎችም አስቤ ነበር። ተውኳቸው። ልጅ መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን ያስደግፋል፣ እዚያ ላይ ላባ ይቆረቁራል።

አሁን የቀረው መስፋት ነው። እዚህ ላይ ተረጋጉ። ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትስፉ። የተዘረጋ ኮፍያና ጭንቅላት ላይ ያለ ኮፍያ አንድ አይደሉም፤ ቦታው ሁሉ ይዛባል። መጀመሪያ ልጅቷ አድርጋው መስተዋት ፊት ቆመች። መንቁሩ የት እንደሚሆን፣ ኩክኔው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በቀይ ክር ምልክት አደረግሁ። ስፒል ልጅ ጭንቅላት ላይ አልጠቀምም። ከዚያ ኮፍያውን ጥቅል ጎመን ላይ አጠለቅሁት። ገበያ ሜትር ይዤ ሄጄ ዙሪያው 51 ሴንቲ የሆነ ጎመን ነው የገዛሁት። ጎመን ስፒል ይይዛል፣ አይንከባለልም፣ ኮፍያውንም ጭንቅላት ላይ እንዳለ አድርጎ ይለጥጠዋል። ይኼ መለጠጥ ትልቅ ነገር ነው። ሳይለጠጥ የተሰፋ ኩክኔ ክሩ ኮፍያውን ጠፍሮ ይይዘውና ጭራሽ አይገባም። ማታ ጎመኑን በድንችና በካሮት ሠርቼው በላነው።

ኩክኔው አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመንቁሩ በላይ፣ ከጠርዙ አሥር ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ ይጀምርና የስምንቱን መስመር መገናኛ አልፎ ወደ ኋላ ይወርዳል። ክፍት የተውነው ሥሩ ሁለት ከንፈር አለው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ከሰፋችሁ እንደ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። ከንፈሮቹን ሁለት ሴንቲ ያህል አራርቁና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ለየብቻ ስፉ። ድንኳን በሁለት እግሩ እንደሚቆም ኩክኔውም በሁለት መስመር ይቆማል። ልዩነቱ የሚገርም ነው። ሰፍቼ ስጨርስ ጎመኑን አንስቼ ነቀነቅሁት፤ ኩክኔው ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ አለ።

የምትሰፉበት ክር ያው ቀዩ ክር ይሁን፤ የልብስ ስፌት ክር ሹራቡን ይቆርጠዋል። በየሁለት ሦስት ዓይኑ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ስፉ፣ አታጥብቁት። በሁለቱም ጫፍ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ባለፈው ዓመት መላቀቅ የጀመረው ከጫፉ ነበር። የተረፈውን ክር አትቁረጡት፤ በውስጥ በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ሌላው አሳልፋችሁ ደብቁት።

እጥበቱ ቀላል ነው። የትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ በ30 ዲግሪ አጥበዋለሁ፣ ኩክኔውን በእጄ አቃንቼ ፎጣ ላይ አደርቀዋለሁ። ካውያ ፈጽሞ አይነካውም፤ አክሪሊክ በሙቀት ይሞታል፣ ለጥ ብሎ አይመለስም።

ጊዜውን ከጠየቃችሁኝ፣ ኮፍያው ሦስት ምሽት፣ ኩክኔው ከነስህተቱ ሦስት፣ ሌላው ሁሉ ሁለት። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ብትጀምሩ ሳትቸኩሉ ትደርሳላችሁ። በመጨረሻው ሌሊት የሚሰፋ ነገር ሁልጊዜ ጠማማ ነው።

ዘንድሮ ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ስሄድ ኮፍያው ጭንቅላቷ ላይ ነበር። አሸዋ ገብቶበታል፣ አንዱ መንጠልጠያ ላይ ጭማቂ ፈስሷል፣ ኩክኔው ግን ቆሟል። መንገድ ላይ እየሮጠች "ኩኩሉ" ስትል አንድ አዛውንት ቆመው "ገብስማ ናት እኮ!" አሉ በአማርኛ። እናቴ ይኼን ስነግራት ደጋግማ አስወራችኝ።

አሁን የጎረቤታችን ልጅ ለሚመጣው ዓመት በግ መሆን እፈልጋለሁ ብሏል፤ ቀንድ ያለው ሙክት። ኮፍያው ያው 80 ዓይን ነው። ቀንዱ የመንቁሩ ታላቅ ወንድም ነው፤ 20 ዓይን ተነስቶ በየአራተኛው መስመር ይቀነሳል፣ ስለዚህ ይረዝማል። እንዲጠመዘዝ ደግሞ ጎኑ ሲሰፋ ክሩ በየሦስት ዓይኑ ሳብ ይደረጋል። የመጀመሪያውን ትናንት ሞከርኩት። ብዙም አልተጠመዘዘም። እናቴ ከእጄ ተቀብላ ፈታችውና "ተይው፣ ይኼን እኔ እሰፋዋለሁ" ብላ ወደ መብራቱ ጠጋ አለች።